“ካታሊስት” ተብሎ የተሸጠልኝ ነጭ ዱቄት፦ የሞርደናይት ዜዮላይት ግምገማ ከአዳማ

ለማስተምርበት ቤተ ሙከራ 100 ግራም የሞርደናይት ዜዮላይት (በጥቃቅን ቀዳዳዎች የተሞላ ማዕድን) ዱቄት የገዛሁት እዚሁ አዳማ ከሚገኝ አንድ የኬሚካል አስመጪ ሱቅ ነው። ዓላማዬ በዱቄቱ ቀዳዳዎች ውስጥ መዳብ አስገብተን፣ የባዮጋዝ ዋና ክፍል የሆነው ሚቴን በቀጥታ ሜታኖል ወደሚባለው አልኮል የሚለወጥበትን ሂደት ተመራቂ ተማሪዎች በዓይናቸው እንዲያዩት ነበር። ሻጩ ወጣት ጠርሙሱን ከካርቶኑ እያወጣ “መምህር፣ ይሄ ካታሊስት ነው፤ ጋዙን ወደ አልኮል ይቀይርልዎታል” አለኝ። ካታሊስት ማለት ራሱ ሳይለወጥ ኬሚካላዊ ለውጥን የሚያፋጥን ነገር ነው። ከሻጩ አነጋገር ትክክል የሆነው ግማሹ ብቻ ነው፤ ይህን የምጽፈውም ስለጎደለው ግማሽ ነው። ዱቄቱን ለሰባት ወራት ያህል ተጠቅሜበታለሁ፤ ወድጄዋለሁም። ነገር ግን ምን እንደሚገዛ፣ ከአንድ ጠርሙስ ምን ያህል ምርት እንደሚጠበቅና አብረው ምን ምን ዕቃዎች እንደሚያስፈልጉ ሳያውቅ ገንዘቡን የሚያወጣ ሰው እንደ እኔ የመጀመሪያውን ወር በከንቱ ያሳልፋል።

በጠርሙሱ ውስጥ ያለው ነጭና ሽታ የሌለው፣ እንደ በሶ የላመ ዱቄት ነው። ሞርደናይት ከሲሊከን፣ ከአሉሚኒየምና ከኦክስጅን የተሠራ ማዕድን ሲሆን ስሙን ያገኘው በ1864 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ለመጀመሪያ ጊዜ ከተገለጸበት ከካናዳ የሞርደን አካባቢ ነው፤ በገበያ የሚገኘው ግን በፋብሪካ የተሠራው ዓይነት ነው። ዋናው ጠባዩ ቀዳዳዎቹ ናቸው። ትልልቆቹ ቦዮች ከ0.65 እስከ 0.70 ናኖሜትር ስፋት ስላላቸው 0.38 ናኖሜትር ያህል የሆነችው የሚቴን ሞለኪውል ያለ ችግር ትገባባቸዋለች፤ ከእነዚህ ቦዮች ጎን ለጎን ደግሞ ጠባብ ኪሶች አሉ። የአንድ ግራም ዱቄት የውስጥ ገጽ ከ400 ካሬ ሜትር ይበልጣል፤ ማለትም አንድ የቅርጫት ኳስ ሜዳ በአንድ የሻይ ማንኪያ ውስጥ ተጣጥፎ ተቀምጧል ማለት ነው። በሲሊከን ቦታ አሉሚኒየም በገባ ቁጥር ማዕቀፉ ላይ አንድ አሉታዊ ሙል ይቀራል፤ በእኛ ጠርሙስ ውስጥ ይህን ሙል የሚያመጣጥነው አዎንታዊ ሙል ያለው አሞኒየም ነው። መዳብ የሚገባው አሞኒየሙን አስወጥቶ፣ በእርሱ ቦታ ነው። እንግዲህ ሻጩ ያስረከበኝ ባዶ ቤት ነው እንጂ ካታሊስት አይደለም፤ ሥራውን የሚሠራው ተከራይ መዳቡ ሲሆን እርሱን የማስገባቱ ኃላፊነት የገዥው ነው።

ይህን ያህል ድካም ለምን አስፈለገ የሚል አንባቢ ቢኖር መልሱ ሚቴን ግትር መሆኑ ነው። አንዱን የካርቦንና የሃይድሮጅን ትስስር ለመበጠስ በሞል (ኬሚስቶች ሞለኪውሎችን በሚቆጥሩበት መለኪያ) 439 ኪሎጁል ያህል ኃይል ይጠይቃል። ከብዙ ድካም በኋላ የሚገኘው ሜታኖል ደግሞ ከሚቴን ይልቅ በቀላሉ የሚበጠስ ትስስር ስላለው፣ ኦክስጅን ባለበት በሙቀት ከተተወ ወደ ፎርማልዴሃይድ፣ ወደ ፎርሚክ አሲድ፣ በመጨረሻም ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሄዳል። በዚህ ምክንያት ኢንዱስትሪው ዙሪያ ጥምጥም ይሄዳል፤ ሚቴንን ከውሃ እንፋሎት ጋር ከ800 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ በኒኬል ላይ አሳልፎ ወደ ካርቦን ሞኖክሳይድና ሃይድሮጅን ይሰብረዋል፤ ከዚያ የተገኘውን ድብልቅ ከ50 እስከ 100 ባር በሚደርስ ግፊት መዳብና ዚንክ ኦክሳይድ ባለበት ካታሊስት ላይ ወደ ሜታኖል ይገጣጥመዋል። እንዲህ ያለው ፋብሪካ የሚያዋጣው በጣም ትልቅ ሲሆን ብቻ ነው። በአንድ የከብት እርባታ ግቢ ከሚገኝ ባዮጋዝ ወይም ከነዳጅ ጉድጓድ አፍ ከሚቃጠል ትርፍ ጋዝ ሜታኖል ማውጣት የሚፈልግ ሰው ሌላ መንገድ ያሻዋል። በአፈርና በውሃ ውስጥ የሚኖሩ ሚቴን በል ባክቴሪያዎች ይህንኑ ሥራ መዳብ ባለው ኢንዛይም በተራ ሙቀት ይሠሩታል፤ መዳብ የያዘው ዜዮላይትም የተመራማሪዎችን ዓይን የሳበው ከዚህ ጋር ባለው ዝምድና ነው።

ነገሩ በደንብ የተጀመረው በ2005 ነው። የቤልጅየሙ የሉቨን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች መዳብ የያዙ ዜድኤስኤም-5 (ሌላ የዜዮላይት ዓይነት) እና ሞርደናይት በኦክስጅን ከታከሙ በኋላ ሚቴንን ከ200 ዲግሪ በማይበልጥ ሙቀት ወደ ሜታኖል እንደሚለውጡ አሳዩ። በመጀመሪያ ሥራው የሚሠራው ሁለት መዳብና ሁለት ኦክስጅን ያለው ክፍል እንደሆነ ገምተው ነበር፤ በ2009 ግን ያው ቡድን ከስታንፎርድ ተመራማሪዎች ጋር ሆኖ በዜድኤስኤም-5 ውስጥ ያለው ሁለት መዳብ በአንድ ኦክስጅን የተያያዘበት ክፍል መሆኑን በማሳየት የራሱን ግምት አረመ። በ2015 ደግሞ የሙኒክ ቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች በሞርደናይቱ ጠባብ ኪሶች አፍ ላይ ሦስት መዳቦች በኦክስጅን ተያይዘው እንደሚቀመጡ ዘገቡ። ይህን ታሪክ ያነሣሁት ለጌጥ አይደለም፤ ከሁሉ አስቀድሜ ሞርደናይትን የመረጥኩት በዚህ የ2015 ሥራ ምክንያት ነው። በዚያ ዘገባ ከእያንዳንዱ ሦስት መዳብ አንድ ሜታኖል ይገኛል፤ ይህም ለተማሪ ለማስረዳትም ለመቁጠርም የሚመች ነው።

ሂደቱን ለተማሪዎቼ የማስረዳው በምጣድ ነው። መጀመሪያ ምጣዱ ይጋላል፤ መዳብ የገባበት ዱቄት በኳርትዝ ቱቦ ውስጥ ሆኖ ኦክስጅን እየነፈሰበት በ450 ዲግሪ ገደማ ለሰዓታት ይቆያል። ከዚያ ሊጡ ይፈስሳል፤ ሙቀቱ ወደ 200 ዲግሪ ወርዶ፣ ኦክስጅኑ ተጠርጎ ወጥቶ ሚቴን ይገባል፤ ሚቴኑም ከመዳቡ ኦክስጅን ጋር ተገናኝቶ እዚያው ይጣበቃል። በመጨረሻ እንጀራው በሰፌድ ይነሣል፤ እዚህ ሰፌዱ ውሃ ነው፤ በእንፋሎት ወይም ቱቦው ከቀዘቀዘ በኋላ በፈሳሽ ውሃ የተጣበቀው ነገር ሜታኖል ሆኖ ይለቀቃል። ሦስቱ ደረጃዎች የተለያዩበት ምክንያት ሜታኖሉ ከኦክስጅን ጋር ፊት ለፊት እንዳይገናኝና እንዳይቃጠል ነው። ልዩነቱ ባለሙያ ሴት ምጣዷን አንዴ አግላ ሙሉ ሌማት እንጀራ ስታወጣ፣ እኛ ለእያንዳንዱ እንጀራ ምጣዱን ከቅዝቃዜ ማስነሣት ያለብን መሆኑ ነው። አንድ ዙር ከጠዋት እስከ ማታ ይፈጃል።

አሁን ወደ ጠርሙሱ ልመለስ። የመጀመሪያውን ወር ያባከንኩት በአንድ ቁጥር ምክንያት ነው። ከሱቁ በተሰጠኝ ፕሮፎርማ ላይ “ጥምርታ 20” የሚል ብቻ ተጽፎ ነበር፤ እኔም ይህን ለአንድ አሉሚኒየም 20 ሲሊከን አለ ብዬ ተረጎምኩትና የመዳቡን መጠን በዚያ ላይ አሰላሁ። ሜታኖል መኖሩን የሚያሳየው የፈተና ቀለም በጣም ሲደበዝዝ ዱቄቱን ወቀስኩ፤ ቀጥሎ ቱቦውን ወቀስኩ። በመጨረሻ አንዲት ተማሪዬ ጠርሙሱን ወደ መስኮት ወስዳ በጎኑ ያለውን ደቃቅ ጽሑፍ ስታነብ ጥምርታው የሲሊካ (የሲሊከን ኦክሳይድ) ለአሉሚና (የአሉሚኒየም ኦክሳይድ) መሆኑን አየች። በአንድ አሉሚና ውስጥ ሁለት አሉሚኒየም ስላለ እውነተኛው የሲሊከን ለአሉሚኒየም ጥምርታ 10 ነው። ይህ ማለት በአንድ ግራም ደረቅ ዱቄት ውስጥ 1.5 ሚሊሞል ያህል አሉሚኒየም አለ ማለት ሲሆን፣ እኔ ያሰላሁት ግን በ0.8 ነበር። ለአስር ግራም ዱቄት፣ ለአንድ አሉሚኒየም 0.3 መዳብ እንዲደርስ ከተፈለገ 4.5 ሚሊሞል መዳብ ያስፈልጋል፤ ይህም 0.9 ግራም የመዳብ አሲቴት ነው። እኔ የጨመርኩት ከዚያ ግማሽ ገደማ ነበር። ስህተቱ በአብዛኛው የራሴ መሆኑን አልክድም፤ ሆኖም ኬሚካል የሚሸጥ ቤት በፕሮፎርማው ላይ የየትኛውን ጥምርታ ቁጥር እንደሚጽፍ ማወቅ ይጠበቅበታል። ለገዥዎች የምመክረው ቁጥሩን ከፕሮፎርማ ሳይሆን ከአምራቹ የባች (የአንድ የምርት ዙር) ሰርተፊኬት እንዲወስዱ ነው።

ሁለተኛው ቅሬታዬ ክዳኑ ነው። ጠርሙሱ ሲደርሰኝ የውስጠኛው ማሸጊያ ተላጥቶ ነበር፤ ለጉምሩክ ፍተሻ ተከፍቶ ይሁን በመጋዘን ውስጥ የተቀዳ ይሁን አላውቅም፤ ሱቁም ሊነግረኝ አልቻለም። ለስኳር ወይም ለጨው ይህ ትንሽ ነገር ነው። ለዜዮላይት ግን ከባድ ነው፤ ከአየር ውስጥ እርጥበት መምጠጥ ተፈጥሮው ነውና። ስዊድናዊው አክሴል ክሮንስቴት በ1756 ዜዮላይት የሚለውን ስም ከግሪክኛ “የሚፈላ ድንጋይ” ብሎ ያወጣለትም ድንጋዩ ሲሞቅ የያዘውን ውሃ እንደ ፍላት ስለሚለቅ ነው። አምስት ግራም መዝኜ በ500 ዲግሪ ካቆየሁት በኋላ 4.3 ግራም ሆኖ አገኘሁት። ከጎደለው ውስጥ ጥቂቱ ከአሞኒየሙ የወጣ አሞኒያ ነው፤ ክፍሉ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ በአፍንጫው አረጋግጦታል፤ የቀረው ውሃ ነው። 100 ግራም ብሎ የከፈለ ሰው ከ90 ግራም ያነሰ ዜዮላይት ይዞ ይሄዳል ማለት ነው። ይህ የዱቄቱ ጉድለት አይደለም፤ የትኛውም አምራች ቢልከው ውሃ ይይዛል። ችግሩ ማሸጊያው ከተከፈተ የውኃው መጠን ከሳምንት ሳምንት የሚለያይ በመሆኑ ነው። በበጋው ደረቅ አየርና በሐምሌ ዝናብ መካከል ያለው ልዩነት በሚዛን ላይ በግልጽ ታይቷል። እኛ መፍትሔ ያደረግነው ዱቄቱን ክፍት በሆነ ሰሐን ላይ፣ የተጠገበ የጨው ውኃ ካለበት ዴሲኬተር (አጥብቆ የሚዘጋ የቤተ ሙከራ ዕቃ) ውስጥ አስቀምጠን እርጥበቱ ከጠገበ በኋላ መመዘን ነው፤ ቢያንስ ቁጥሩ አይዋዥቅም።

መዳቡን ማስገባት ከጠበቅኩት በላይ ቀላልና የሚያስደስት ሥራ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። 0.01 ሞላር የመዳብ አሲቴት መፍትሔ ውስጥ ዱቄቱን ሌሊቱን ሙሉ ማማሰል፣ ማጣራት፣ ማጠብና ማድረቅ ነው፤ ነጩ ዱቄት ፈዘዝ ያለ ሰማያዊ ይሆናል። የፒኤች (የአሲድነት መለኪያ) መጠኑን ከ6 በታች መጠበቅ ያስፈልጋል፤ ከዚያ ከፍ ካለ መዳቡ ሃይድሮክሳይድ ሆኖ ከቀዳዳው ውጭ ይዘቅጣል፤ ከውጭ የተለጠፈ መዳብ ሲሞቅ ጥቁር ኦክሳይድ ሆኖ ይቀራል እንጂ የሚፈለገውን ሥራ አይሠራም። ሱቁ ርካሽ ነው ብሎ ለግብርና የሚውለውን ሰማያዊ የመዳብ ሰልፌት አብሮ ሊሸጥልኝ ሞክሮ ነበር፤ ንጽሕናው ስለማይታወቅ አልወሰድኩም፤ ሌላውም እንዳይወስድ እመክራለሁ። የቧንቧ ውኃም ፈጽሞ አይሆንም። በውኃው ያሉት ሶዲየምና ካልሲየም መዳቡ ሊይዘው የሚገባውን ቦታ ይሻሙታል፤ ስለዚህ የተጣራ ውኃ ማምረቻ የሌለው ቤተ ሙከራ ዱቄቱን ከመግዛቱ በፊት ለዚህ ይዘጋጅ።

ከዚህ በኋላ ያለው ፈተና የከተማችን ፈተና ነው። በኦክስጅን የሚደረገው ማጋል ለሰዓታት የማይቋረጥ መብራት ይፈልጋል። በመካከሉ መብራት ከጠፋና ፈርነሱ (ቱቦውን የሚያሞቀው የኤሌክትሪክ ምድጃ) ከቀዘቀዘ ወይም የአየር እርጥበት ወደ ቱቦው ከገባ፣ ውኃው ከመዳቡ ጋር ስለሚያያዝ ሥራውን ከመጀመሪያው መድገም ግድ ይላል። እኛ ከአሥራ አንድ ሙከራ በአራቱ ይህ ደርሶብናል። ሌላው ከፍታ ነው። አዳማ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,600 ሜትር በላይ ላይ ስለምትገኝ የከባቢ አየር ግፊታችን በባሕር ዳርቻ ካለው አራት አምስተኛ ያህል ብቻ ነው። በጽሑፎች ላይ “አንድ ባር ሚቴን” የሚለውን አንብቦ ቱቦውን ለከባቢ አየር ክፍት አድርጎ የሚሠራ ሰው እዚህ የሚያገኘው ያንን አይደለም፤ የሚቴን ግፊት ሲቀንስ ደግሞ ምርቱም ይቀንሳል። በ2016 የስዊዘርላንድ ተመራማሪዎች ማጋሉንም ሆነ ሚቴን ማስገባቱን በ200 ዲግሪ ብቻ አድርገው፣ ዝቅተኛውን ሙቀት ከ30 ባር በላይ በሚደርስ የሚቴን ግፊት አካክሰውታል። ሙቀቱን በየዙሩ ከፍና ዝቅ ማድረግ ስለሚቀር መብራት ለሚቆራረጥበት አገር በጣም የሚያጓጓ ዘዴ ነው፤ ይሁንና ያን ግፊት የሚችል ዕቃ ከዱቄቱ ብዙ እጥፍ ዋጋ ያወጣል።

ውጤቱን ለማየት ጋዝ ክሮማቶግራፍ (ድብልቅን ለያይቶ የሚለካ መሣሪያ) ያለው ሰው ዕድለኛ ነው። እኛ የተጠቀምነው አሮጌውን የቀለም ዘዴ ነው። ከዱቄቱ የታጠበውን ውኃ በፖታስየም ፐርማንጋኔት ኦክሲዳይዝ አድርገን ሜታኖሉን ወደ ፎርማልዴሃይድ እንለውጣለን፤ የተረፈውን የፐርማንጋኔት ቀለም በሶዲየም ባይሰልፋይት እናጠፋለን፤ ከዚያ ክሮሞትሮፒክ አሲድና የተከማቸ ሰልፈሪክ አሲድ ሲጨመር ፈሳሹ ሐምራዊ ይሆናል። ያለ ፐርማንጋኔት የሚሠራ ማነጻጸሪያ ግን መዘንጋት የለበትም፤ ሜታኖሉ በቱቦው ውስጥ ቀድሞ ወደ ፎርማልዴሃይድ ሄዶ ከሆነ ያው ሐምራዊ ቀለም ይታያልና ሰው በውድቀቱ እንደ ስኬት ይደሰታል። ትክክለኛውን የመዳብ መጠን ካስገባን በኋላ በሦስተኛው ሙከራ ቀለሙ ከማነጻጸሪያው በግልጽ ጠቆረ። በዚያን ቀን ማታ ሁላችንም ቤተ ሙከራው ውስጥ ቆመን ያችን ትንሽ የሙከራ ቱቦ እየተቀባበልን ስናይ አመሸን፤ ዱቄቱ ዋጋውን የመለሰልኝ በዚያች ሰዓት ነው።

ስለ ምርቱ መጠን ግን በግልጽ መነጋገር ይገባል። ከላይ የጠቀስኩት የ2015 ሥራ በአንድ ግራም ዱቄት እስከ 160 ማይክሮሞል ሜታኖል ያገኘ ሲሆን፣ በዘርፉ ከታዩት ጥሩ ውጤቶች አንዱ ነው። ይህ በክብደት ሲሰላ 5 ሚሊግራም ገደማ ነው። እንግዲህ አንድ ሰው 100 ግራሙን ጠርሙስ በሙሉ ወደ ካታሊስት ለውጦ፣ እንደ ምርጦቹ ተመራማሪዎች ሠርቶ አንድ ሙሉ ቀን ቢደክም የሚያገኘው ግማሽ ግራም ሜታኖል ነው፤ የሻይ ማንኪያ አንድ ስምንተኛ ያህል። እኛ ያገኘነው ከዚህም ያነሰ ነው። ካታሊስት የሚለው ቃል ሥራውን ሠርቶ ሳይለወጥ ወደ ቀጣዩ የሚሻገር ነገርን ያመለክታል፤ ይህ ዱቄት ግን በአንድ ዙር ከሦስት መዳብ አንድ ሜታኖል ሰጥቶ ይቆማል፤ እንደገና እስኪጋል ድረስም አይሠራም። በዚህ ሚዛን ሲታይ ወደ ተራ ሬኤጀንት (ሲሠራ ወደሚያልቅ ኬሚካል) ይጠጋል። ሁሉንም ጋዞች አንድ ላይ እያስገቡ ሳያቋርጡ የመሥራት ሙከራ በ2016 በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ተሳክቷል፤ ፍጥነቱ ግን እጅግ ዝቅተኛ ነበር። በ2017 ደግሞ በስዊዘርላንድ ሞርደናይቱን በሂሊየም 400 ዲግሪ አግለው፣ ኦክስጅንን በውኃ ተክተው ከአንድ መዳብ 0.204 ሜታኖል በ97 በመቶ መራጭነት (ማለትም ከምርቱ 97 በመቶው ሜታኖል ሆኖ) አግኝተዋል፤ ውኃ ያን ሥራ መሥራት ይችላል ወይ የሚለው ግን በቀጣዩ ዓመት ሥራው በታተመበት መጽሔት ላይ ከቴርሞዳይናሚክስ (ከኃይል ሕግጋት) አንጻር ተሞግቷል። ሻጩ ወጣት ይህን ሁሉ እንዲያውቅ አልጠብቅም፤ “ጋዙን ወደ አልኮል ይቀይርልዎታል” ብሎ ለባለ ከብት እርባታ እንዲሸጥ ግን አልፈልግም።

ከብት እርባታ ካልኩ አይቀር፣ አንዱ ተማሪ ወደ ወንጂ በሚወስደው መንገድ ካለ የቤተሰቡ ግቢ በከረጢት ባዮጋዝ አምጥቶ ነበር። ባዮጋዝ ከግማሽ በላይ ሚቴን ቢሆንም የቀረው በአብዛኛው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፤ ከሁሉ የሚከፋው ግን እንደ ተበላሸ እንቁላል የሚሸተው ጥቂቱ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ነው። ጋዙን ሳናጣራ አስገባነው፤ ሰማያዊ የነበረው ዱቄት ወደ ጥቁርነት ሄደ፤ ከዚያ በኋላም ቢጋል ወደ ቀድሞው አልተመለሰም። ሰልፈር መዳብን አጥብቆ ስለሚይዝ ይህ የሚጠበቅ ነበር፤ ሦስት ግራም ዱቄት ለትምህርት መሥዋዕት ሆነ። በኋላ ጋዙን በዛገ የብረት ፍቅፋቂ በተሞላ ቱቦ ስናሳልፈው ሽታው ጠፋ፤ የሚቀጥለው ናሙናም ሰማያዊነቱን ጠብቆ ቆየ። በባዮጋዝ ለመሥራት ያሰበ ሰው ከዱቄቱ እኩል ስለ ማጣሪያው ይጨነቅ።

ሱቁ ሌሎች አማራጮችም ነበሩት። ዜድኤስኤም-5 በዋጋ ይቀራረባል፤ ለዚህ ሥራ ግን በተለመደው ገበያ የሚገኘው አሉሚኒየሙ ያነሰ ስለሆነ ብዙ መዳብ አይይዝም። በካታሎጉ ላይ በጣም ያማረው ኤችኬዩኤስቲ-1 የተባለው፣ በ1999 በሆንግ ኮንግ የተሠራው የመዳብና የኦርጋኒክ አሲድ ማዕቀፍ ነው። የ2025 የኖቤል ኬሚስትሪ ሽልማት ለእንዲህ ዓይነቶቹ የብረታ ብረትና ኦርጋኒክ ማዕቀፎች ፈር ቀዳጆች ለኪታጋዋ፣ ለሮብሰንና ለያጊ ከተሰጠ ወዲህ ሻጮች ስሙን ደጋግመው ያነሣሉ። የውስጥ ገጹ ስፋት ከሞርደናይት ብዙ እጥፍ ነው፤ መዳቡም በራሱ ውስጥ ስላለ ተከራይ መፈለግ አያስፈልግም። ነገር ግን 450 ዲግሪ ሳይደርስ ማዕቀፉ ይቃጠላል፤ ውኃም ቀስ በቀስ ያፈርሰዋል። የእኛ ሂደት የቆመው ደግሞ በእነዚሁ በሁለቱ ላይ ነው። ለጋዝ ማከማቸት ሙከራ የሚፈልገው ካለ ይግዛ፤ ለዚህ ሥራ ግን ገንዘብ ማባከን ነው። ከአገራችን የእሳተ ገሞራ ድንጋዮች የሚገኘውን ስቲልባይት የተባለ የተፈጥሮ ዜዮላይት ለመጠቀም የሚያስቡም አሉ፤ ለውኃ ማጣሪያ ተስፋ የሚጣልበት ነው፤ በከፍተኛ ሙቀት ግን መዋቅሩ ስለሚፈርስ ይህን ማጋል አይችልም።

ስለ ደኅንነት አንድ ነገር ማለት ግዴታዬ ነው። ሱቅ ውስጥ ስንነጋገር ጎን የቆመ አንድ ደንበኛ “አልኮል ከሆነማ ይጠጣላ” ብሎ አሳቀን። ሜታኖል አይጠጣም፤ በሰውነት ውስጥ ወደ ፎርሚክ አሲድ ተለውጦ የዓይን ነርቭን ያጠፋል፤ ጥቂት የጉርሻ ያህል እንኳ ሊገድል ይችላል። ሚቴኑ ደግሞ ከአየር ጋር ከ5 እስከ 15 በመቶ ሲደባለቅ የሚፈነዳ ነው። ኦክስጅኑን ጠርጎ ሳያወጣ ሚቴን ወደ ጋለ ቱቦ የሚያስገባ ሰው በራሱ ላይ ይፈርዳል፤ በሁለቱ ጋዞች መካከል ናይትሮጅን የሚያልፍበት ሦስተኛ መስመር ከሌለ ሙከራው ባይጀመር ይሻላል። ሱቁ ከጠርሙሱ ጋር የደኅንነት መግለጫ አልሰጠንም፤ ስንጠይቅ ግን በማግስቱ አትሞ አምጥቷል።

ስለ ሱቁ አገልግሎት ያለኝ አስተያየት ድብልቅ ነው። ዋጋው ከአንድ ጀማሪ መምህር የወር ደመወዝ በላይ ነው፤ አዲስ አበባ ካሉት ጋር ሳነጻጽረው ግን አልተጋነነም፤ የመመላለሻ ወጪም ቀርቶልኛል። “በሦስት ሳምንት ይደርሳል” የተባለው ዕቃ በአሥራ አንደኛው ሳምንት ነው የመጣው፤ በየሳምንቱ ስደውል “ሞጆ ደርሷል” ይሉኝ ነበር፤ ሞጆ ከዚህ የአንድ ሰዓት መንገድ እንኳ አይሞላም። ደረሰኙ ትክክለኛ ስለነበር የግዢ ክፍላችን ያለ ጥያቄ ተቀብሎታል፤ ይህ ለመንግሥት ተቋም ገዥ ትልቅ ነገር ነው። ስለተላጠው ማሸጊያ ቅሬታ ሳቀርብ ባለቤቱ ራሳቸው ወጥተው “ልክ ነዎት፣ ይሄ የኛ ጥፋት ነው” ብለው አዳመጡኝ፤ ዕቃውን ግን አልለወጡልኝም፤ በምትኩ በሚቀጥለው ትእዛዝ ላይ ቅናሽ እንደሚያደርጉልኝ በደረሰኙ ጀርባ ጽፈው ፈረሙበት።

ሁለተኛውን ትእዛዝ ያስገባሁት ባለፈው ሳምንት ነው። በዚህኛው 50 ግራም ብቻ ነው ያዘዝኩት፤ በዓመት ከዚያ በላይ እንደማንጨርስ አሁን አውቃለሁ። በማዘዣው ላይ የሲሊከን ለአሉሚኒየም ጥምርታው 10፣ ቅርጹ አሞኒየም መሆኑን፣ የውስጥ ማሸጊያው ያልተነካና የባች ሰርተፊኬቱ አብሮ የሚመጣ መሆን እንዳለበት በእጄ ጽፌአለሁ። ወጣቱ ሻጭ አንብቦ ሲጨርስ “መምህር፣ እንግዲህ በፕሮፎርማው ላይ ምን ብዬ ልጻፈው?” አለኝ። “ሞርደናይት ዜዮላይት፣ መዳብ የሌለው” ብዬ አጻፍኩት።